ለመምህሬ ያስተማርኩት ሹክሹክታ

ከወልዲያ እስከ ግራና ባለው አገር ሠርግ ሲኖር ዘፈን የማወጣው እኔ ነበርኩ። እንጀራዬን የምበላው መርሳ ላይ ሒሳብ እያስተማርኩ ነው፤ ስሜ የታወቀው ግን በጉሮሮዬ ነው። መንገድ ላይ ያገኘኝ ዘመድ «ሥራ እንዴት ነው?» ብሎ አያውቅም፤ «ድምፅህ እንዴት ነው?» ነው የሚለው። እኔም በጥያቄው ደስ እሰኝ ነበር።

የእኛ አገር ሠርገኛ አንድ ክፉ ልማድ አለው። ዘፋኙ ከፍ ባለ ቁጥር «ጨምር» ይላል። ክራር መቺውም ጆሮው ለሕዝቡ እንጂ ለዘፋኙ ስላልሆነ፣ በዘፈንና በዘፈን መካከል ክሩን ጠበቅ ጠበቅ እያደረገ ድምፁን ወደ ላይ ይስበዋል። አምባሰሉ ከተነሳበት ርቆ ሌላ አገር ይገባል። ሰው የሚያደንቀው ደግሞ ዜማውን አይደለም፣ የአንገቴን ሥር ነው። ሥሩ ገመድ አክሎ ሲገተር «ይኸ ነው ዘፋኝ» ይባላል። እኔም ሞኝ ነኝና እገትረዋለሁ። ሰኞ ክፍል ስገባ ድምፄ እንደ አሮጌ በር ሲንቋቀቅ ተማሪዎቼ ይስቃሉ፤ እኔ ዝንጅብል እያኘክሁ በጠመኔ ብቻ አስተምራለሁ። ጥሬ እንቁላል ያልጠጣሁበት ሳምንት አልነበረም። መርሳ ላይ እንቁላል የተወደደው በእኔ ነው እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ጦርነቱ ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት በነበረው ዓመት፣ አንድ ሠርግ ላይ ከፍ ብዬ ልይዘው ያልኩት ድምፅ መሐል ላይ ተቆረጠ። አፌን ከፍቼ ቆምኩ፤ ምንም አልወጣም። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ዝም አለ። በማግስቱ ደህና አደራችሁ ማለት እንኳን አቃተኝ። የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ የሚኖር ሽንኩርት ነጋዴ አለ፤ መንዙማ ሲባል አውጪውን ቀድሞ የሚቀበል እሱ ነው። «አንተ ሰውዬ በእንቁላል አይሆንም። ለዚህ መላ ያላቸው አባባ ናቸው» አለኝና ወደ ግራና ይዞኝ ሄደ።

አባባ የምንላቸው ሰባን ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ከግራና ትንሽ ወጣ ብሎ ማሽላና ሽንኩርት ያርሳሉ። በዚያ አካባቢ መንዙማ ሲወጣ ለአርባ ዓመት ያወጡት እሳቸው ናቸው ይባላል። ድምፃቸውን ከዚያ በፊት አንድ ቀን ከሩቅ ሰምቼው ነበር፤ ወጣት መስሎኝ ነበር።

ችግሬን ነጋዴው ነገራቸው። እሳቸው እጄን እንደያዙ ጥቂት አዩኝና «ክርስቲያን ነህ አይደል?» አሉኝ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩ። «ጉሮሮ ሃይማኖት የለውም። ሁሉንም እኩል ነው የሚያምመው» አሉና ሳቁ። የመጀመሪያ ትምህርታቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ሲያምህ ዝም በል። እያወራህ አታባብለው፣ እየዘፈንክ አትሞክረው። ዝም። ድምፅ እንደ እግር ነው፣ የተሰበረውን ረግጠው አያሽሩትም።» ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጅ እሄድ ጀመር። ጓደኞቼ «ዲያቆኑ መንዙማ ሊማር ሄደ» እያሉ ይስቁብኛል፤ ዲያቆን ሆኜ አላውቅም። አባባ መደብ ላይ በጀርባዬ ያጋድሙኝና ጎመን ዘር ያለበት ትንሽ ቁና ሆዴ ላይ ያስቀምጣሉ። «ቁናው ይነሳ፣ ደረትህ አይነሳ። ድምፅ ተሆድ ነው የሚወጣ፤ አንገት መተላለፊያ ነው፣ ማን መንገድ ላይ ቤት ይሠራል?» ለሦስት ቅዳሜ ከመተንፈስ በቀር ምንም አላስነኩኝም። ቀጥሎ ሕፃን ምራቁን እያንቦጨቦጨ እንደሚጫወተው ከንፈሬን እያርገበገብኩ ዜማ እንዳወጣ አደረጉኝ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ጎረቤት እያየኝ «ብርርር» እላለሁ። ሚስታቸው ሳቃቸውን በነጠላቸው እየሸፈኑ ወደ ጓሮ ይወጡ ነበር።

እኔ የቸኮልኩት ለላይኛው ድምፅ ነው። እሳቸው ደግሞ እሱን ከሁሉ መጨረሻ አደረጉት። አንድ ቀን ትዕግስቴ አልቆ አገጬን ወደ ጣራው አንስቼ እንደ ልማዴ ጮኽኩላቸው። ከመደቡ ተነስተው በሁለት ጣታቸው አገጬን ወደ ታች መለሱት።

«ያን አቀበት አየኸው?» አሉ፤ ከቤታቸው ፊት ለፊት ወደ ደጋው የሚወጣ የአህያ መንገድ አለ። «እሱን የሚወጣ ሰው ሸክም ያቀላል ወይስ ይጨምራል?»

«ያቀላል።»

«አንተ ወደላይ በወጣህ ቁጥር ትጭናለህ። ላይ ስትሄድ አቅለው፣ አሳንሰው፤ እስትንፋሱ ይግፋው እንጂ አንተ አትግፋው። የአንገትህ ሥር ተታየ መንገድ ስተሃል ማለት ነው። እዚያው ቁም።»

ስድስት ወር ፈጀብኝ። አንድ ቅዳሜ ከቁናው ጋር ተጋድሜ ዜማውን በቀስታ ሳወጣው፣ ሠርግ ቤት የተቆረጠብኝን ቦታ አልፌ እንደሄድኩ ያወቅሁት አባባ ጉልበቴን መታ ሲያደርጉኝ ነው። አልከበደኝም። እንዲያውም የደረስኩ አልመሰለኝም። «ማሻአላህ» አሉ። ከዚያ በላይ አላመሰገኑኝም፤ ለእኔ ግን ከሠርግ ቤት እልልታ ሁሉ በለጠብኝ። ዛሬ ድምፄ ሙሉ ነው። የትም ቢሆን፣ የፈለግሁትን ያህል ወጥቼ ያለ ሕመም እመለሳለሁ። ይኸን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እኔ የሰጠኋቸውን ደግሞ አሁን እናገራለሁ።

ጦርነቱ ወደ እኛ የወረደው ያን ትምህርት በጨረስኩበት ክረምት ነው። ወልዲያ ተያዘች የሚል ወሬ መጣ፣ ወዲያው መብራትም ስልክም ጠፋ። ሰው ወደ ደሴ መሸሽ ሲጀምር እኔ ዛሬ ነገ ስል መንገዱ ተዘጋብኝ። ታጣቂዎቹ መርሳ ሲገቡ በማሽላው መሐል ተደብቄ በእግሬ ግራና ደረስኩ። አባባ በር ላይ ነበሩ። ምን ሆነህ፣ ማን ላከህ አላሉኝም፤ «ግባ ልጄ» ብቻ ነው ያሉኝ። እቤት ውስጥ ካለው ጎተራ ጀርባ አጎዛ ተነጠፈልኝ። የመንግሥት ሠራተኛ እየተፈለገ ነው ይባል ነበር። ብያዝ ምን እንደሚደርስብኝ አላውቅም፤ አለማወቁ ራሱ እንቅልፍ ይነሳኛል።

አባባ በየቀኑ የሱብሂ ሶላታቸውን ከሰገዱ በኋላ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መንዙማ ያወጣሉ። ያልተቋረጠ ልማድ ነው። ከታች በጉርምርምታ ይጀምራሉ፣ ፀሐይዋ አቀበቱን ስትይዝ እሳቸውም ላይ ይደርሳሉ። ጎረቤት በሳቸው ድምፅ ነው ከብቱን የሚያወጣው። ታጣቂዎቹ ከገቡ በኋላም አላቋረጡም። ሰዉ ሁሉ በፈራበት በዚያ ወር ያ ድምፅ ከቤቱ ሲወጣ ጎረቤቱ ይጽናና ነበር። እኔ ግን ከጎተራው ጀርባ ሆኜ በየቀኑ እርግማን እንደሚወርድበት ሰው እኮማተር ነበር። ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ ይሄዳል፤ እዚህ ቤት ሰው አለ፣ ኑ የሚል ይመስለኛል።

አንድ ጠዋት መጡ። ሦስት ናቸው፤ በግርግዳው ስንጥቅ አይቻቸዋለሁ። ድምፁን ሰምተው ከመንገድ ወጥተው የመጡ ናቸው። አንደኛው መሣሪያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና መንዙማው እስኪያልቅ አዳመጠ። ውሃ ጠየቀ፣ ተሰጠው። «ደስ የሚል ድምፅ ነው አባት» ብሎ ወደ ቤቱ ውስጥ አንገቱን አስግጎ አየና ተነስቶ ሄደ። ክፉ ነገር አልተናገረም፣ ምንም አልነካም። እኔ ግን እስከ ቀትር ከጎተራው ጀርባ መውጣት አልቻልኩም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አባባ አጠገቤ መጥተው ሲቀመጡ አስቤበት ነበር። እውነቱን መናገር ነበረብኝ፦ አባባ፣ ፈራሁ፣ ድምፅዎ ሰው እያመጣብኝ ነው፣ እስኪያልፍ ዝም ይበሉልኝ። አላልኩም። አንዱ ምክንያት ኀፍረት ነው፤ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ያልፈሩትን ፈራሁ ማለት አልፈለግሁም። ሁለተኛው ደግሞ፣ በሰው ቤት ተደብቆ የሚኖር ክርስቲያን «የነቢዩን ውዳሴ ያቁሙ» ብሎ እንዴት ይናገራል? እንዲያ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። አክብሮት ነው ብዬ ለፍርሃቴ ስም አወጣሁለት።

«አባባ፣ ድምፅዎ ሻከር ብሏል» አልኳቸው። እውነትም ትንሽ ሻክሮ ነበር።

«አቧራው ነው። ያልፋል።»

«አይ፣ ቸል አይበሉት። የከተማ ትልልቅ ዘፋኞች እንዲህ ሲሆኑ ወር ሁለት ወር በሹክሹክታ ብቻ ነው የሚያወሩት። ጉሮሮ በዚያ ያርፋል። አንብቤዋለሁ።»

አላነበብኩም። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም ነበር፤ ለማወቅም አልፈለግሁም። የምፈልገው ያ ድምፅ ከደጃፉ እንዳይሰማ ብቻ ነው።

«በሹክሹክታ?» አሉና አሰቡ። «እኛ ዝም በል እንጂ ሹክ በል አልተባልንም። ግን አንተ የተማርክ ነህ።» ቀጥለው «መንዙማውንስ?» አሉኝ።

«እሱንም በሹክሹክታ ይበሉት።»

«አላህ ይስጥህ ልጄ። የተማረ ሰው ቤት መኖሩ ደግ ነው።»

ከማግስቱ ጀምሮ ደጃፉ ጸጥ አለ። እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ። አባባ ግን የጠዋት ልማዳቸውን አልተዉም፤ ወደ ውስጥ ገብተው መደቡ ላይ ተቀምጠው መንዙማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሹክሹክታ ያወጡታል። በእስትንፋስ ብቻ፣ በደረቁ፣ ላይኛው ቦታ ሲደርሱ ደግሞ ያንን ትንፋሽ እየገፉ። አንድ ቀን ቀና ብዬ ሳይ የአንገታቸው ሥር ተገትሯል። ለእኔ «እዚያው ቁም» ያሉኝ ምልክት ማለት ነው። አየሁትና ዓይኔን መለስኩ። ይኸን ነገር ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። ሳላውቅ ነው እንዳልል ያደረገኝ ያ ጠዋት ነው።

ሚስታቸው አልወደዱትም። «አንቱ ስታንሾካሽኩ ቤቱ ልቅሶ ቤት መሰለ» ይሏቸዋል። እሳቸው በጣታቸው ወደ እኔ ያመለክታሉ፤ የእሱ ሕክምና ነው ለማለት። ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም አለፈ። ወፍጮ ስለቆመ ንፍሮ እየበላን ቆየን። ሻካራነቱ አልለቀቀም፣ እንዲያውም ባሰ። እኔም «ጊዜ ይፈልጋል» እላለሁ። አፌ ከለመደ በኋላ ውሸቱ እንደ ሙያ ሆነልኝ።

መውሊድ ደረሰ። ታጣቂዎቹ ወደ ዋናው አስፋልት ስለተሰበሰቡ የግራና ሰው በቤት ውስጥ ይደረግ አለ። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ አሥራ አምስት የሚሆን ሰው አባባ ቤት ተሰበሰበ፤ ሽንኩርት ነጋዴው ከመርሳ በእግሩ መጥቶ ነበር። እኔ ጥግ ይዣለሁ። አባባ ንጹሕ ጥምጣማቸውን አድርገው መሐል ተቀመጡ። ሁለት ወር ሙሉ ያጠራቀሙትን ድምፅ ሊያወጡ ነው፤ ፊታቸው እንደ ሙሽራ ፊት በርቷል። ሲጀምሩ ታች ያለው ሸካራ ቢሆንም ወጣ። ሰው ተቀበላቸው። መሐሉንም አለፉ።

ላይኛው ቦታ ላይ ምንም አልነበረም። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከሩት። ሦስተኛ ጊዜ አገጫቸው ወደ ጣራው ሲነሳ አየሁ፤ እኔን በሁለት ጣት የመለሱት ሰው ራሳቸው አንገታቸውን ገትረው ገፉት። አንድ የተሰነጠቀ ነገር ወጣና ተቋረጠ። ነጋዴው ፈጥኖ ተቀብሎ ጨረሰላቸው፤ ሰዉም ምንም እንዳልሆነ አጨበጨበ። አባባ በኩታቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉና ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«አላረፈም እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

አውቀውብኝ አልነበረም። ሐኪማቸውን ነበር የሚጠይቁት። እኔም «ትንሽ ቸኮሉ አባባ» አልኳቸው።

በታኅሣሥ መንገዱ ተከፈተ፣ እኔም መርሳ ተመለስኩ። አባባ ከዚያ ወዲህ መንዙማ አላወጡም። ሲናገሩም ድምፃቸው ከሹክሹክታ ብዙ አይሻልም። ደሴ ለሥራ በሄድኩ ጊዜ የአንገት በላይ ሐኪም ፈልጌ ጠየቅሁ፤ ስለ አንድ ዘመዴ ነው አልኩት። «ሹክሹክታ ዕረፍት አይደለም፤ በተለይ እየገፉ ከሆነ ጉሮሮውን የባሰ ያደክመዋል» አለኝ። «ወይ ጭራሽ ዝም ይባላል፣ ወይ በቀስታ በራስ ድምፅ ይወራል። ግን ሳላያቸው በዚያ ብቻ ነው አልልህም፤ ዕድሜም አለ፣ ጭስም አለ፣ እምቢ ያለውን አስገድደው ካወጡትም ሊሆን ይችላል።» ዕድሜም አለ ያለውን ይዤ ወጣሁ። ለወራት በሱ ተጽናናሁ። ወደ ግራና መሄዱን ቀነስኩ፤ ቀጥሎ ወደ ወልዲያ ዝውውር ጠየቅሁ፤ ተሰጠኝ። ሠርግ ስጠራ እዘፍናለሁ፤ አንገቴ አይገተርም፤ ሰው «ማን አስተማረህ?» ሲለኝ ወሬ እለውጣለሁ።

በዓመቱ ጦርነቱ በቆቦ በኩል እንደገና ተነሳ። ከቆቦ የሸሸው ሰው ወልዲያን ሲሞላው የወልዲያም ሰው ጓዙን መሸከፍ ጀመረ፤ እኔም አውቶቡስ ይዤ መርሳ ወረድኩ። ገበያው መሐል ሽንኩርት ነጋዴውን አገኘሁት። እንደተሳሳምን በጆሮዬ «እንዴት ከረምክ?» አለኝ። ምስጢር ያለው መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ትንሽ ሻክሮኛል» አለ፤ አሁንም በሹክሹክታ። «ዘንድሮ መውሊዱን የማወጣ እኔ ነኝ። አባባ ሹክሹክታ አዘውልኛል። ወሩ ሊሞላኝ ነው።»

ያለሁበት ቆምኩ። «ተው» አልኩት። «ሹክሹክታ አያሳርፍም። ዝም በል፣ ካልሆነም በቀስታ በድምፅህ አውራ። ሐኪም ነው የነገረኝ።»

ሳቀ፤ ሳቁም ድምፅ የለውም። «አንተ ሒሳብህን አስተምር። አባባ ያሉኝን ትቼ ያንተን ልስማ?»

«ለሳቸው የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ምን ትለኛለህ?» አለና ሽንኩርቱን መመዘኑን ቀጠለ።

ባጃጅ ይዤ ግራና ገባሁ። አባባ ደጃፋቸው ላይ የሙስበሃቸውን ፍሬ እየቆጠሩ ነበር። ከስተዋል። ጉልበታቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከሦስቱ ታጣቂዎች ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አላነበብኩም አልኩ፣ የአንገትዎን ሥር አይቻለሁ አልኩ፣ የደሴውን ሐኪም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ «አፉ ይበሉኝ» ብዬ ይቅርታ ለመንኩ።

ሙስበሃውን አስቀመጡት።

«ፈርተህ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«ፈራሁ ብትለኝ ዝም እል አልነበር? እንግዳ ፈርቶ ቤቴ ገብቶ፣ እኔ እንዴት እጮህበታለሁ? አላህ እንደሁ ዝም ያለውንም ይሰማል።»

ዝም ብለው ቢሆን እኔም አልያዝም፣ ድምፃቸውም ያርፍ ነበር። ከሁሉ በፊት ያስተማሩኝ ያንኑ ነበር።

«በል ተነስ» አሉኝ። «ነጋዴው መውሊዱ ሳይደርስ ድረስበት። አባባ ዝም በል ብለውሃል በለው፤ ተኔ ነው ካልከው ይሰማል።»

ተነስቼ ጥቂት እንደሄድኩ በእጃቸው ጠሩኝና ተመለስኩ። አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠጉት።

«አፉ ብያለሁ» አሉኝ። በሹክሹክታ ነው ያሉኝ፤ ሌላ ድምፅ የላቸውም።